የዘይነባ ግድግዳ

የዘይነባን ሞት ያነበብኩት ከተቀበረች በኋላ ነው።

መልእክቱ ስልኬ ላይ የገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ሲንጫጫ ሰምቼዋለሁ። መነጽሬ ግን እንደ ልማዱ የት እንደገባ አልታወቀም፤ እኔም እንደ ልማዴ «ወይ ማስታወቂያ ነው፣ ወይ ዕጣ ደርሶሃል የሚል ሌባ ነው» ብዬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ መነጽሬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ጎን ተኝቶ ተገኘ። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። ስልኩን ከፈትኩ። «ቲቸር ዘይነባ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች። ቀብሯ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» ይላል። ዙህር አልፎ ነበር።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ማንበብ ያስተማርኩ ሰው፣ አንዲት የሁለት መስመር መልእክት በሰዓቷ ሳላነብ ቀረሁ። ዘይነባ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ሳቋ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ደግሞ እኮ በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ እበልጣታለሁ። ተራው የእኔ ነበር። ሰልፍ የሚጋፋ ልጅ ስታይ ጆሮውን ይዛ መጨረሻ ላይ የምታሰልፍ ሴት፣ እኔን አልፋኝ ሄደች።

በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ተነሳሁ። ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም ታክሲ እየቀያየሩ ነው የሚኬደው። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተሰቀለችውን አንዲት የምስክር ወረቀት አውርጄ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። የምስክር ወረቀቷ ለምን ለቅሶ ቤት እንደሄደች ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እኔና ዘይነባ ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ ሁለተኛ ሀን አስተምራለሁ፤ እሷ ሁለተኛ ለን። የሚለየን አንድ ችፑድ ነው። ችፑድ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም፤ እኔ ሳስነጥስ ከወዲያ በኩል «ይማርህ» የሚል ልጅ ነበር።

እኔ የታወቅሁት በጸጥታ ነው። በክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እሱም «ጸጥታ» ይላል። በቀይ ቀለም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የማስተምርበት ዘዴም እንደ ግድግዳዬ ቀላል ነበር። «ተከተሉኝ» እላለሁ፤ ይከተሉኛል። «ዝናብ ዘነበ» ስል ልጆቹ ሁሉ «ዝናብ ዘነበ!» ይላሉ። «ወንዙ ሞላ» ስል «ወንዙ ሞላ!» ይላሉ። «ዓሣው ተደሰተ» ስል ደግሞ ዓሣው ራሱ ቢሰማ የሚደነግጥ ድምፅ ይወጣል። ዳይሬክተሩ በመስኮት በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ይሰሙና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። እኔ ታዲያ በዚያን ዕለት ምሳዬን ሁለት ሰው የሚበላውን ያህል እበላለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መጽሐፉ ለአራት ልጅ አንድ ነበር። ዴስኩ መሐል የተቀመጡት ሁለቱ ገጹን ያያሉ። ዳርና ዳር ያሉት የጓደኛቸውን ክርን ያያሉ። ይህን በየቀኑ እያየሁ አንድም ቀን አላየሁትም።

ዘይነባ ስትመጣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ ድምፅ የሌላት ሴት ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ትምህርት ቤት ሳትገባ ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው ያስቀምጧትና «ከፊታችን ያለው መኪና ኋላ ላይ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቋታል። መጀመሪያ እየገመተች ትነግራቸው ነበር። አንድ ቀን ግን የአንዱን መኪና ሾፌር ሻይ ቤት አግኝተው ምን እንደተጻፈበት ጠየቁትና ውሸቷ ተገለጠ። «ከዚያ ወዲህ መዋሸት ስለማልችል ተማርኩ» ትላለች። ፊደል የያዘችው በመኪና ኋላ ነው ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ይሆናል ጽሑፍ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ስታይ የታሰረ ነገር ያየች ያህል የሚከፋት።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛ ለ ክፍል መሆኑ ቀረና ገበያ መሰለ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱን አራግፋ፣ ቆራርጣ፣ በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በሩ ላይ «በር» ተጻፈ። መስኮቱ ላይ «መስኮት»። እግሩ የተሰበረው ወንበር ላይ «የተሰበረ ወንበር»። ከማዳበሪያ ከረጢት ኪስ ኪስ ያለው ነገር ሰፍታ ሰቀለችና መጽሐፎቹን በየኪሱ ከተተች፤ የልጆቹ ቁመት ላይ ነው የሰቀለችው፣ እኔ ለመድረስ ማጎንበስ ነበረብኝ። ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥራ፣ ልጆቹ ራሳቸው የጻፏቸውን ባለ አራት ገጽ መጽሐፎች በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። «ድመታችን ጠፋች» የሚል መጽሐፍ ነበር። «የአጎቴ ባጃጅ» የሚል ነበር። ዕረፍት ሲደወል ልጆቹ ወደ ውጭ ከመሮጥ ይልቅ ከሲባጎው ሥር አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ቃል ትቀበላለች። እያንዳንዱ ልጅ በሰንበት ያያትን አንዲት የተጻፈች ቃል ይዞ መምጣት አለበት። ከሳሙና ወረቀት፣ ከብስኩት መጠቅለያ፣ ከታክሲ መስታወት፣ ከየትም። «የዛሬ ቃልህስ?» ትላለች። ልጁ ካላመጣ ወደ ግቢው ትመልሰዋለች፤ እዚያ አንዲት አግኝቶ ይመጣል። አንዱ ከሽንት ቤቱ በር ላይ ያነበበውን ይዞላት መጣ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እሷ ግን ፊቷን ሳትቀይር «በትክክል አንብበሃል፤ ይህችን አንለጥፋትም» አለችው።

አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ ስታስነብብ ዝቅ ባለ ዱካ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ መጽሐፉን ግን አታይም። የልጁን ፊት ነው የምታየው። እኔ ይህን በችፑዱ ቀዳዳ እያየሁ «መጽሐፉን ሳታይ እንዴት ታርመዋለች?» እያልኩ እታዘባት ነበር። አዎ፣ ቀዳዳ ነበረ። አዎ፣ እኔ ነኝ የበሳሁት።

አንድ ቀን ጫጫታው አንገፍግፎኝ ልቆጣ ገባሁ። ቁጣዬ ረዘመና ደከመኝ፤ ቅርቤ ባለው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ለካ ያው ወንበር ነው፤ ልጆቹ ሲጮሁ ወንበሩ አዘነበለ፤ ተንገዳግጄ ተነሳሁ። ክብሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሳሪስ አቦ፣ ያኔ ወደምኖርበት፣ በታክሲ ስሄድ ሰዎች ገና ስገባ ጀምሮ ፈገግ ይላሉ። ወያላው አተኩሮ አየኝና «ፋዘር፣ ይቀመጣሉ ወይስ ሰው ይቀመጥብዎት?» አለኝ። ባለጌ ብዬ ዝም አልኩት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ኮቴን ተቀብላ ጀርባውን አየችና ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «የተሰበረ ወንበር» ይላል። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዤ ሄድኩባት። ነገሩን ስነግራት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ረጋ አለችና ጠየቀችኝ፦

«ስንት ሰው አነበበው፣ ጋሼ?»

«ታክሲው ሙሉ!»

«የእርስዎን ግድግዳስ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ተቀየምኳት። መልስ ያጣ ሽማግሌ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቂሜን የምወጣበት ቀን ሩቅ አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ቀለም ተገኘ። ዳይሬክተሩ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የሁለተኛ ለ ወረቀት ሁሉ ተነስቶ ግድግዳው ይቀባ አሉ። ዘይነባ ወረቀቱ ለልጆቹ ንባብ እንደሚያስፈልግ ተከራከረች። ነገሩ ሲካረር፣ አስታራቂ መስዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የወላጆች ቀን ደርሷል፤ ከሁለቱም ክፍል አንድ አንድ ልጅ ወጥቶ ያንብብ፤ የእሷ ክፍል ከበለጠ ወረቀቱ ይቆይ፣ የእኔ ከበለጠ ይነሳ። ዳይሬክተሩ ተስማሙ። ዘይነባ ለረጅም ጊዜ አየችኝና እሺ አለች። የዓመት ሥራዋ በሙሉ በአንድ ልጅ ንባብ ላይ ተንጠለጠለ።

እኔ የመረጥኩት ጫልቱን ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ደወል። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አባቷ በዚያ ዙሪያ ከድሮ ጀምሮ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። ምናልባት እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ሻይ የማፈላው በእሳቸው የጤፍ ማሳ ላይ ይሆናል፤ ለመጠየቅ እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም። ጫልቱ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው የዴስኩ ዳር ላይ ነበር። ክርን ከሚያዩት ወገን ማለት ነው።

በወላጆች ቀን ግቢው ሞላ። ጫልቱ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ዝናብ ዘነበ። ወንዙ ሞላ። ዓሣው ተደሰተ።» ቀጠለች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ገጹ አልቆ ወደሚቀጥለው ሲሻገር፣ ገጹን ሳትገልጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሄደች፤ ከዚያ እንደማስታወስ ብላ ገለጠች። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም «ፍጥነቷ እጇን ቀደመው» ብዬ ኮራሁ። ስትጨርስ ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ግን ዘይነባ ናት። ወደ ጫልቱ ሄዳ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። እኔ ሽንፈቷን በጸጋ ተቀበለች አልኩ።

ቀጥሎ የእሷ ልጅ ወጣ። ዘይነባ ዳይሬክተሩን የፈለጉትን ገጽ እንዲገልጡለት ጠየቀች። ልጁ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ አነበበ። አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ተሳሳተ፤ ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ አስተካከለው። ወላጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ወረቀቱ ይነሳ ተባለ።

ሰኞ ዕለት ወረቀቱ ሲቀደድ ልረዳ ሄድኩ፤ ድል አድራጊ ደግ መሆን አለበት አይደል። ዘይነባ የሚድነውን ወረቀት እያጣጠፈች ትደረድራለች። ከወለሉ ላይ የማውቃት አንዲት ወረቀት አየሁ፤ «የተሰበረ ወንበር»። ሳቄ መጣ። በር ላይ ቆማ የምታይ ጫልቱ ነበረች፤ ልቀልድ ብዬ ወረቀቷን ሰጠኋትና «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት።

ጫልቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዝናብ ዘነበ» አለች። «ወንዙ ሞላ። ዓሣው ተደሰተ።»

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ቀልድ የለበትም፤ ጭብጨባውን ነው የምትጠብቀው።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ልጆቹን ገጽ ሃያ ግለጡ አልኳቸውና «አንብቡ» አልኩ። ገጽ አሥራ ሁለትን አነበቡልኝ። መጽሐፉን ዘቅዝቄ ያዝኩላቸው፤ አነበቡልኝ። ዘጋሁት፤ አነበቡልኝ። ወንዙ እየሞላ፣ ዓሣው እየተደሰተ ሄደ። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራሁ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እንዲያነቡ ጠየቅኋቸው። ከመሐል ከሚቀመጡት ጥቂቶቹ ሞከሩ። የሌሎቹን መቁጠር አልወደድኩም። በዚያን ዕለት ክፍሌ ውስጥ የነበረው ጸጥታ በቀይ ቀለም ከጻፍኩት የባሰ ነበር።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ዘይነባ ገባሁ። ባዶው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የሰበሰበችውን ወረቀት በሲባጎ ታስራለች።

«የእኔ ልጆች አያነቡም» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መሐላችን ያለው ችፑድ አይደል? ዓመቱን ሙሉ ሰማኋቸው። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። የሚያነብ ልጅ ይሳሳታል።»

ያን ልጅ አስታወስኩት። ጣቱን፣ ራሱን መነቅነቁን፣ ተመልሶ ማስተካከሉን። የሳቅሁበትን ማለቴ ነው።

«ታዲያ በወላጆች ቀን ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «አንድ ገጽ ገልጠሽ ይህችን አንብቢ ብትያት ግድግዳሽ ይተርፍ ነበር።»

ሲባጎዋን ቋጠረች። «አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር» አለችኝ። «ግድግዳ መልሶ ይለጠፋል። ልጅቷን እሳቸው ፊት አታነብም ካልኳት ግን፣ ሁለተኛ መጽሐፍ የምትነካ ይመስልዎታል?»

የታሰረውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ ቀጠለች። «ከዛሬ ጀምሮ አፋቸውን አይስሙ። ዓይናቸውን ይዩ። የሚያነብ ሰው ዓይኑ መስመሩን ይከተላል፤ መስመሩ ሲያልቅ ይመለሳል። ጫልቱ ስታነብ ዓይኗ አባቷ ላይ ነበር።»

እኔ ጀግና አይደለሁም። ያንን ዕለት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «ድሉ የውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። እስከ በሩ ሄጄም ነበር። በሩ ላይ ሳለሁ ግን ከጀግንነት ይልቅ ተንኮል መጣልኝ፤ ተንኮል ዕድሜ ልኬን ታማኝ ጓደኛዬ ነው። ተመልሼ መጣሁና «ወረቀቱ ይነሳ የተባለው ከሁለተኛ ለ ነው። ስለ ሁለተኛ ሀ ማንም ምንም አላለም» አልኳት።

ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የእኔ ክፍል ገና ቀለም መቀባቱ ነበር፤ ግድግዳው እርጥብ ስለነበር ሙጫ እንኳ ብዙ አላስፈለገንም። የመጀመሪያው የተነሳው «ጸጥታ» ነው፤ ቀለም ቀቢው አጥፍቶልኛል። ዴስኮቹን ክብ አድርገን ገጠምን፤ ዳር የሚባል እንዳይኖር። ማዳበሪያው ከረጢት ተሰቀለ፣ ሲባጎው ተወጠረ። የሁለተኛ ለ ልጆች በዕረፍት ሰዓት እየመጡ ግድግዳቸውን እንደ ዘመድ ይጠይቁታል፤ እግረ መንገዳቸውን ለእኔዎቹ ያነቡላቸዋል። ዘይነባ በአምስት ደቂቃ ዕረፍቷ ትመጣና እኔን ታስተምረኛለች። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የልጅ ዓይን ማየት ስማር፣ ጉልበቴ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ለልጆቹ ሌላ መዝናኛ ሆነ።

ዳይሬክተሩ በሳምንቱ ገቡ። ግድግዳውን አዩ፤ ቀለማቸውን ፈለጉ፤ አጡት። ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ አሸናፊው ክፍል የሚሠራበት መንገድ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ያደረጉትን አሁንም ሳስበው ያልበኛል። ወደ ሁለተኛ ለ ተሻግረው፣ ዘይነባን፣ ግድግዳዋ ለምን ባዶ እንደሆነና ከጋሼ ደምሴ፣ ማለትም ከእኔ፣ ለምን እንደማትማር ጠየቋት። በቀዳዳው እያየሁ ነበር። «እማራለሁ» አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። በማግስቱ ወረቀቷን መልሳ ለጠፈች። በዓመቱ መጨረሻ «ለአርአያ ክፍል» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ለእኔ።

የጫልቱ ነገር ግን ቶሎ አልሆነም። ቃል አምጪ ስትባል ባዶ እጇን ትመጣለች፤ ግቢው ውስጥ ዞራ ትመለሳለች፤ ጽሑፍ ሁሉ ለእሷ ገጽ አሥራ ሁለት ነበር። አንድ ሰኞ ዘይነባ እቤት ውኃን ምን እንደምትለው ጠየቀቻት። «ቢሻን» አለች በሹክሹክታ፤ ክፍል ውስጥ የቤቷን ቋንቋ መናገር ጥፋት ይመስላት ነበር። ዘይነባ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሦስቱን ፊደል በትልቁ ጻፈችና «ይህ የአንቺ ነው፤ የት እንለጥፈው?» አለቻት። ጫልቱ «ውኃ» ከሚለው ጎን አለች። በሳምንቱ ሰኞ፣ «ቢሻን» ውስጥ ያለውን «ሻ» ከሻይ ቤት ሰሌዳ ላይ አግኝታው እየሮጠች መጣች። «ሻዬን አገኘኋት!» ነበር ያለችው። እኔ ዱካዬ ላይ ነበርኩ። ዓይኗ ከፊደል ወደ ፊደል ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የምስክር ወረቀቱን ነገር ለዘይነባ ቃል ገብቼላት ነበር። በሚቀጥለው የወላጆች ቀን ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ አልኳት። «እንዳመችዎት» አለችኝ። የሚቀጥለው መጣ፤ ጉንፋን ያዘኝ። ከዚያ የሚቀጥለው መጣ። ጡረታ ወጣሁ። ሳሪስን ለቅቄ ኮዬ ፈጬ ስገባ ወረቀቷን ይዣት ገባሁና ሳሎን ሰቀልኳት። ዘይነባ ሁለት ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ አነበበቻት። ምንም አላለችም። የግድግዳ ጽሑፍ ሳታነብ የምታልፍ ሴት አልነበረችም።

ገላን ስደርስ ድንኳኑ ከብሎኩ ሥር ተተክሏል። ሰው እሷን እያስታወሰ ያወራል። ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ ከእኔ የባሰ አርጅተዋል፣ ደስ አለኝ። የዘይነባ ታላቅ እህት ጎናቸው ተቀምጣለች። ከእህትየው አጠገብ ያለችውን ጎልማሳ ሴት ጫልቱ ናት አሉኝ። ካሊቲ አንድ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። ሐኪሞች የሚጽፉትን ጽሑፍ አንብባ ሰው ታድናለች ማለት ነው፤ እኔ በመነጽርም የማልደፍረው ሥራ።

ተነሳሁ። ጉልበቴም ተነሳ፣ በድምፅ። ጋዜጣውን ፈትቼ ወረቀቷን ለእህትየው ሰጠኋትና፣ ይህ የዘይነባ ነው፣ እኔ ዘንድ ብዙ ቆይቷል አልኩ። ዳይሬክተሩ ባሉበት ነገሩን ከሥሩ ተናገርኩ። ያን ቀን ያሸነፈው ክፍል ማንበብ አይችልም ነበር፤ አላስተማርኳቸውም፤ ግድግዳው የእሷ ነው፣ መንገዱ የእሷ ነው፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ። የልጅቷን ስም ዘለልኩ። ዘይነባ ያኔ ዘልላው ነበርና።

ዳይሬክተሩ መሬት መሬት አዩ። «ከአንተ ተማሪ አልኳት እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አለች ጫልቱ።

ዞርኩ። ተረጋግታ ነው የምትናገረው። «ቲቸር ዓይኔን ስታየኝ አይቻታለሁ» አለች። «አወቀችብኝ፣ አሁን ትናገራለች ብዬ አሰብኩ። ሳነብ ሳይሆን ስትመጣ ነው የፈራሁት። እሷ ግን ስታጨበጭብ መጣችና በጆሮዬ፣ ‹ድምፅሽ ያምራል፤ ሰኞ እኔ ክፍል በር ላይ ጠብቂኝ፣ ቃል እሰጥሻለሁ› አለችኝ።»

ለዚህ ነበር ሰኞ ዕለት በሩ ላይ የቆመችው። እኔ የቀደድነውን ልታይ የመጣች መስሎኝ ነበር። ቃሏን ልትቀበል መጥታ፣ ያገኘችው ቀልዴን ነው።

እህትየው ወደ ቤት ገባችና ያንን የማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ወጣች። ኪሶቹ ውስጥ የልጆቹ መጽሐፎች አሁንም አሉ፤ ዘይነባ አንዳቸውንም አልጣለችም። ከአንዱ ኪስ ቡናማ፣ ባለ አራት ገጽ መጽሐፍ አወጣችና «ይህ ስለ እርስዎ ነው ትል ነበር» ብላ ሰጠችኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ መነጽሬን አወጣሁ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነበር። ለቅሶ ቤት ሪሞት ይዤ ነው የመጣሁት።

ጫልቱ ሳቀች፤ ለቅሶ ላይ መሆናችንን ረስታ ሳቀች። መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። «የእኔ ጽሕፈት ነው» አለች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች።

ዓይኗ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሳ። ቀስ እያለ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ፣ የልጅነት ጽሕፈቷ ጠፍቶባት ይሆናል፣ ቆመ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰና ያንኑ ቃል እንደገና ያዘው። መስመሩ አለቀ፤ ወደሚቀጥለው ወረደ። እንዲህ እያለ እስከ ታች ሄደ።

«ሰሙኝ፣ ጋሼ?» አለችኝ ስትጨርስ።

አንዲት ቃል እንኳ አልሰማሁም ነበር። «ድገሚልኝ» አልኳት።